ውሃውን ቁጠሩ፦ ትናንሽ ሞለኪውሎችን አያይዞ ትልቅ መሥራትና መልሶ መበተን፣ በካርቶንና በምራቅ

ደሴ ውስጥ ሃይስኩል ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። በየዓመቱ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። አምስት ግሉኮስ ሲያያዝ ስንት ውሃ ይወጣል? ግማሹ "አምስት" ይለኛል። ቀሪው "የምን ውሃ?" ብሎ ያየኛል። ሞኖመር (ትንሿ ሞለኪውል)፣ ፖሊመር (ከብዙ ሞኖመር የተሠራው ረጅም ሰንሰለት)፣ ኮንደንሴሽን (ውሃ እያወጡ መያያዝ)፣ ሃይድሮሊሲስ (በውሃ መበተን) የሚሉትን ቃላት ግን ሁሉም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዟል።

ችግሩ ትርጉም አለማወቅ አይደለም። ሞለኪውሎቹን እንደ ጨሌ በክር የሚሰኩ ይመስላቸዋል። ጨሌ ሲሰካ ምንም አይጎድልበትም። ሞለኪውል ሲያያዝ ግን ይጎድልበታል። የሚጎድለውን በእጃችሁ ካልነካችሁት ፈተና ላይ ይጠፋችኋል።

ስለዚህ ሁለት ሥራ እንሠራለን። መጀመሪያ በካርቶን እንገነባለን፣ እንበትናለን። ቀጥሎ እውነተኛ ስታርች፣ ማለትም ዱቄት ውስጥ ያለውን የግሉኮስ ሰንሰለት፣ በራሳችን ምራቅ እንበትናለን። ሁለቱን በአንድ ቀን አትጨርሱ። የምራቁን ለቅዳሜ አቆዩት።

ዝግጅት

ለካርቶኑ ሥራ፦
- ባዶ የጫማ ካርቶን
- መቀስ፣ ፕላስተር፣ እስክሪብቶ
- አንድ ሲኒ

ሲኒው የውሃ ማጠራቀሚያችን ነው። ያለ እሱ አትጀምሩ። አንዷ ተማሪዬ ከረከቦቱ ላይ አንስታ ስትሠራበት እናቷ ደርሰው "ኧረ ልጄ፣ ሲኒዬን የቁርጥራጭ ማስቀመጫ አደረግሽው?" አሏት። አስፈቅዳችሁ ውሰዱ።

ለምራቁ ሥራ፦
- ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል ቤታዲን፣ ትንሹ ይበቃል
- ሦስት ብርጭቆ፣ አንድ ነጭ ሳህን፣ ብዙ የሻይ ማንኪያ
- መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወይም ማንጠባጠቢያ
- ሰዓት (ስልካችሁ ይበቃል)

ደረጃ 1፦ የግሉኮስ ካርዶችን ቁረጡ

1. ስድስት ጎን ያላቸው 6 ካርዶች ቁረጡ። የመዳፋችሁን ግማሽ ያህሉ። አምስቱ ለሥራ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ።
2. መሐላቸው ላይ 180 ብላችሁ ጻፉ። የግሉኮስ የሞለኪውል ክብደት ነው።
3. አናታቸው ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ኋላ ትፈለጋለች።
4. በቀኝ ጎን ትንሽ የካርቶን ጆሮ በፕላስተር ለጥፉ። ጆሮው ላይ "ኦኤች" ጻፉ፤ ኦ ኦክስጅን፣ ኤች ሃይድሮጅን ነው። ይህ የካርቦን 1 ጎን ነው።
5. በግራ ጎን ካርዱ ራሱ ላይ፣ ጠርዙ አጠገብ፣ "ኦ" ጻፉ። ከዚያ "ኤች" ብቻ የተጻፈበት ጆሮ ለጥፉ። ይህ የካርቦን 4 ጎን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በግራ በኩል ያለውን "ኦ" ጆሮው ላይ እንዳትጽፉት። በእርግጥ ግሉኮስ በሁለቱም ጎን ያለው ኦኤች ነው። ሲያያዝ ግን አንደኛው ኦኤቹን ሙሉውን ይለቃል፣ ሌላኛው ኤቹን ብቻ ይለቃል። የቀረችው ኦ በሁለቱ መሐል ድልድይ ትሆናለች። ሁለቱንም ኦ ነቅሎ የሚጥል ተማሪ ስታርቹን ያለ ድልድይ ያስቀረዋል። ሥዕል በሚሣልበት ጥያቄ በብዛት ነጥብ የሚጣለው እዚህ ጋ ነው።

ጆሮዎቹን አጥብቃችሁ አትለጥፉ። በቀላሉ መነቀል አለባቸው። ሲነቀሉ ካርዱን ይዘው ከተቀደዱ ፕላስተሩ በዝቷል፤ መጠባበቂያውን ካርድ ተጠቀሙ።

ደረጃ 2፦ አያይዙ

1. ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። የመጀመሪያው ቀኝ ከሁለተኛው ግራ ጋር ይተያይ።
2. ከመጀመሪያው "ኦኤች" ጆሮውን ንቀሉ።
3. ከሁለተኛው "ኤች" ጆሮውን ንቀሉ።
4. ሁለቱን ጆሮዎች እርስ በርስ በፕላስተር አጣብቁ። ይህ ውሃ ነው። ሲኒው ውስጥ ጣሉት።
5. አሁን ካርዶቹን አያይዙ። ግላይኮሲዲክ ቦንድ የሚባለው ይህ መጋጠሚያ ነው።
6. ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፦ 180 ሲደመር 180፣ ሲቀነስ 18 (የውሃው ክብደት)፣ ይሆናል 342። ማልቶስ ሠራችሁ ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ውሃው ሲኒ ውስጥ ሳይገባ ካርድ አይያያዝም። "በኋላ እነቅለዋለሁ" ያለ ሁሉ ይረሳዋል፤ አይቼዋለሁ።

በዚሁ መንገድ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን ካርድ ቀጥሉ።

ደረጃ 3፦ ሲኒውን ቁጠሩ

ሲኒው ውስጥ 4 ውሃ ሊኖር ይገባል። አምስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቢቆም የተጨባበጠው እጅ አራት ቦታ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ጭብጥ አንድ ውሃ።

ክብደቱን አረጋግጡ። 5 ጊዜ 180፣ 900 ነው። 4 ጊዜ 18፣ 72 ነው። ሲቀነስ 828። መልሳችሁ 900 ከሆነ ውሃውን ረስታችኋል። 810 ከሆነ አንድ ውሃ በትርፍ ቀንሳችኋል።

ዳርና ዳሩንም እዩ። የግራው ዳር ላይ "ኤች"፣ የቀኙ ዳር ላይ "ኦኤች" ጆሮ አሁንም መኖር አለበት። ከሌለ ያለ ቦታው ነቅላችኋል። መልሱት፣ ሲኒውንም እንደገና ቁጠሩ።

ደረጃ 4፦ በትኑ

አሁን የተገላቢጦሹን እንሠራለን። ሃይድሮሊሲስ ማለት ይኸው ነው፤ በውሃ መፍታት።

1. ከሲኒው አንድ ውሃ አውጡ። "ኦኤች" እና "ኤች" አድርጋችሁ ለያዩት።
2. በሁለተኛውና በሦስተኛው ካርድ መሐል ያለውን መጋጠሚያ ቁረጡ።
3. "ኦኤች"ን ለሁለተኛው ካርድ ቀኝ መልሱለት። "ኤች"ን ለሦስተኛው ካርድ ግራ።
4. ሌላ ውሃ አውጡና በአራተኛውና በአምስተኛው መሐል ደግሙ።

ሁለት ማልቶስና አንድ ግሉኮስ በእጃችሁ አለ። ደምሩት፦ 342፣ 342፣ 180። 864 ይመጣል። ከ828 በ36 በልጧል። 36 ማለት ከሲኒው ያወጣችኋቸው ሁለት ውሃዎች ናቸው። ሲኒው ውስጥ ሁለት ቀርተዋል። ካልሆነ የሆነ ቦታ ያለ ውሃ ቆርጣችኋል።

ይህን ክፍል ሁለት ሦስቴ ሥሩት። ሌላው ሁሉ ከዚህ የተቀዳ ነው።

ደረጃ 5፦ ያቺን ነጥብ ተጠቀሙባት

አሁን አምስቱን ካርዶች እንደገና አያይዙ፤ ነጥቦቹ ሁሉ ወደ ላይ ይሁኑ። ይህ የስታርች ዓይነት ሰንሰለት ነው። ከዚያ ሁሉንም ፍቱና እንደ አዲስ አያይዙ። በዚህኛው ዙር ግን ሁለተኛውንና አራተኛውን ካርድ ነጥቡ ወደ ታች እንዲሆን ገልብጡ። አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች። ይህ ሴሉሎስ ነው።

የካርዱ ቁጥር ያው ነው። ውሃው ያው አራት ነው። ክብደቱም ያው 828። የተለየው የቦንዱ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አንዱ አልፋ፣ ሌላው ቤታ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚገባው ጥጥ ከሞላ ጎደል ሴሉሎስ ነው። ሰኞ ገበያ የምትገዙት ድንች ውስጥ ያለው ደግሞ ስታርች ነው። ድንቹን ትበሉታላችሁ፣ ነጠላውን ትለብሱታላችሁ። የእኛ ኢንዛይም (በሰውነታችን ውስጥ እንደ መቀስ የሚቆርጠው ፕሮቲን) የአልፋውን መጋጠሚያ ይቆርጣል፣ የቤታውን አይቆርጥም። በሬም ቢሆን ጭዱን ብቻውን አይፈጨውም፤ ሆዱ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚቆርጡለት።

ካርዱን ስትገለብጡ ግራና ቀኙን እንዳታቀያይሩ። ላይና ታቹ ብቻ ይገልበጥ። "ኦኤች" ከ"ኦኤች" ጋር ፊት ለፊት ከተያዩ አቀያይራችኋል።

ደረጃ 6፦ ፕሮቲን

1. አራት ማዕዘን ካርዶች ቁረጡ። እነዚህ አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን ሞኖመሮች ናቸው። ግላይሲን 75፣ አላኒን 89፣ ቫሊን 117 ብላችሁ ጻፉ።
2. በግራ ጠርዝ ካርዱ ላይ "ኤን" ጻፉ፤ ጆሮው "ኤች"።
3. በቀኝ ጠርዝ ካርዱ ላይ "ካርቦን ከኦ ጋር" ጻፉ፤ ጆሮው "ኦኤች"።
4. እንደ ደረጃ 2 አያይዙ። መጋጠሚያው ፔፕታይድ ቦንድ ነው። እዚህ ድልድይ የምትሆን ኦ የለችም፤ ካርቦን ከናይትሮጅን በቀጥታ ይያያዛል።

ሦስቱን ስታያይዙ 281 ሲቀነስ 36፣ 245 ይሆናል። አሁን ቅደም ተከተላቸውን ቀያይሩ። ስድስት ዓይነት አደራደር ታገኛላችሁ፤ ሁሉም 245 ናቸው፣ ሁሉም ግን የተለያየ ሞለኪውል ናቸው። በግሉኮስ ካርድ ይህ አይሆንም ነበር። ሕያዋን ነገሮች ፕሮቲን የሚሠሩባቸው ዋናዎቹ አሚኖ አሲዶች 20 ናቸው። መደጋገም ከተፈቀደ ከሦስት ቦታ ብቻ 8,000 አደራደር ይወጣል። የአንዱ ቦታ መቀየር ቀላል ነገር አይደለም። በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 6ኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ሲተካ ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ይመጣል።

የምወደውን ወጥመድ እዚህ ላኑር። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ አለው። ስንት ፔፕታይድ ቦንድ አለው? ጎበዙ ተማሪ ፈጠን ብሎ "50" ይላል። ተሳስቷል። ኢንሱሊን ሁለት ሰንሰለት ነው፤ አንዱ 21፣ ሌላው 30። 20 እና 29፣ ድምሩ 49። ሁለቱን ሰንሰለቶች የሚያገናኟቸው የሰልፈር ቦንዶች ናቸው፤ እነሱ ፔፕታይድ አይደሉም። ስለዚህ ከመቁጠራችሁ በፊት ሰንሰለቱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ከእያንዳንዱ ሰንሰለት አንድ ይቀነሳል።

ስለ ቅባትና ስለ ዲኤንኤ በአጭሩ

አንድ ግሊሰሮል ሦስት ፋቲ አሲድ ይይዛል፣ ሦስት ውሃ ይወጣል። ግን ፖሊመር አይባልም። ሰንሰለቱ አይቀጥልም፤ ሦስቱ ቦታ ሲሞላ አለቀ። "ከሚከተሉት ፖሊመር ያልሆነው የቱ ነው?" ከተባለ መልሱ ቅባት ነው።

የዲኤንኤ ካርድ ኑክሊዮታይድ ነው፤ ስኳር፣ ፎስፌትና ቤዝ። የአንዱ ስኳር ከሌላው ፎስፌት ጋር ይያያዛል። ቤዞቹ በሰንሰለቱ ውስጥ አይያያዙም፤ ወደ ጎን ነው የሚንጠለጠሉት። ቤዝን ከቤዝ አያይዞ ሰንሰለት የሚሠራ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጠያቂ ተማሪ ስለሚያነሳው። ሴል ውስጥ ነገሩ እንደ ካርቶናችን በአንድ ንቅያ አያልቅም። ሴሉ መጀመሪያ ኃይል ከፍሎ ካርዱን ያዘጋጀዋል። ኑክሊዮታይድ ለምሳሌ ሦስት ፎስፌት ይዞ መጥቶ ሁለቱን ጥሎ ይያያዛል። ለፈተና ግን የውሃው ሒሳብ ይሠራል።

ደረጃ 7፦ እውነተኛ ስታርች መበተን

አስቀድሜ የራሴን ውርደት ልናገር። ደሴ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቤታዲን ውስጥ ያለው አዮዲን ስታርችን ያጠቁራል፤ ስታርቹ ሲበተን ጥቁሩ ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ስታርችና ምራቅ ቀላቅዬ "አሁን ጥቁሩ ይጠፋል" አልኩ። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ጥቁር። ሃያ ደቂቃ። ጥቁር። ልጆቹ ሳቁብኝ። በሳምንቱ የሐረጎን ተራራ ወርጄ ኮምቦልቻ በእኩለ ቀን ያንኑ ሠራሁት፤ በጥቂት ደቂቃ ለቀቀ። ዱቄቱ ያው ነበር፣ ምራቁም የእኔው። ልዩነቱ ሙቀቱ ነው። የምራቅ አሚሌዝ (ስታርች የሚቆርጠው ኢንዛይም) የሚወደው የሰውነት ሙቀት ነው፤ 37 ዲግሪ አካባቢ። ሲቀዘቅዝ ይቆርጣል፣ ግን እየተጎተተ።

1. ዱቄቱን በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ደረቁን ዱቄት በቀጥታ ከጨመራችሁ ይጓጉላል።
2. ሁለት ደቂቃ አንተክትኩት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አትጨነቁ፣ ለስታርቹ ይበቃል።
3. ጣታችሁን እስከማያቃጥል ድረስ አቀዝቅዙት።
4. አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ምራቅ አጠራቅሙና ያንኑ ያህል ውሃ ጨምሩበት። ግማሹን ለይታችሁ በትንሽ ዕቃ አፍሉት፣ አቀዝቅዙት።
5. ሦስቱ ብርጭቆዎች ውስጥ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስታርች አድርጉ። አንደኛው ላይ ግማሽ ማንኪያ ውሃ፣ ሁለተኛው ላይ ግማሽ ማንኪያ ምራቅ፣ ሦስተኛው ላይ ግማሽ ማንኪያ የፈላው ምራቅ። ምልክት ጻፉባቸው።
6. ብርጭቆዎቹን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙ። ደሴ ከሆናችሁ አንድ ኩባያ የፈላ ለሁለት ኩባያ ቀዝቃዛ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ለሦስት። በክርናችሁ ንኩት፤ ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ ይምሰል።
7. ቤታዲኑን በውሃ አቅጥኑት፤ ቀጭን ሻይ ይምሰል።
8. በየደቂቃው ከእያንዳንዱ ብርጭቆ አንድ ጠብታ ነጩ ሳህን ላይ አድርጉ፤ በላዩ አንድ ጠብታ ቤታዲን። ማንኪያ አትቀላቅሉ።

አንደኛውና ሦስተኛው ሰማያዊ ጥቁር ሆነው ይቆያሉ። ሁለተኛው መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ቀጥሎ ቀላ ያለ ቡናማ፣ በመጨረሻ የሻይ ቀለም ብቻ። ሳህኑ ላይ በተርታ ስታዩት ሰንሰለቱ ሲያጥር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ረጅሙ ሰንሰለት ነው አዮዲንን ጠቅልሎ የሚያጠቁረው። የሚቀረው በብዛት ማልቶስና አጫጭር ቁራጭ ነው፤ ሁሉም ግሉኮስ ሆነ ብላችሁ አትጻፉ። ብቅልም ጠላው ጋን ውስጥ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የበቀለው ገብስ የራሱ አሚሌዝ አለው።

ማስጠንቀቂያ፦ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ምራቅ ብቻ ይሥራ። የሰው ምራቅ አትንኩ። ጉንፋን ወይም የአፍ ቁስል ያለበት ተመልካች ይሁን። አዮዲን የማይስማማው ሰው ቤታዲኑን አይንካ። ከሥራው የተረፈ ነገር አይቀመስም።

ካልሠራ

ሁለተኛው ብርጭቆ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ መጀመሪያ ሳፋውን ንኩ። ቀዝቅዞ ይሆናል፤ ሙቅ ውሃ ጨምሩ። ሙቀቱ ደህና ከሆነ ስታርቹ ወፍሯል፤ በእጥፍ ውሃ አቅጥናችሁ ድገሙ። ሎሚ ያለበት ሻይ ጠጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ኮምጣጣው ኢንዛይሙን ያደክመዋል፤ ተጉመጥምጣችሁ አዲስ ምራቅ አምጡ። ሳፋው ላይ የሚፈላ ውሃ ገልብጣችሁ ከሆነ ኢንዛይሙ ተበላሽቷል። ማቀዝቀዝ አይመልሰውም።

ሦስቱም ከመጀመሪያው ጀምሮ የሻይ ቀለም ካላቸው፣ ስታርቹ ገና ትኩስ ነው። የአዮዲኑ ጥቁረት በሙቀት ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ብዙ ሰው "ተፈጨ" ብሎ የሚደሰተው እዚህ ላይ ነው። ጠብታው ሳህኑ ላይ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቁ።

ሦስተኛው ብርጭቆ ከለቀቀ፣ ምራቁ በደንብ አልፈላም፤ አለዚያ የሁለተኛውን ማንኪያ ነክራችሁበታል።

ነጠላ ላይ ቤታዲን ከፈሰሰባችሁ አትሹት። የቫይታሚን ሲ ክኒን በትንሽ ውሃ አሟሙና አንጠባጥቡበት፤ ቀለሙ ይለቃል። ከዚያ እጠቡት። ሳህኑንና ማንኪያዎቹን በሳሙና። ሲኒውን ደግሞ ቁርጥራጩን አራግፋችሁ፣ አጥባችሁ፣ ቡናው ሳይቀርብ ረከቦቱ ላይ መልሱት።